ስንት ቀንሽ ነው?

ውሸቱን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። አራት ቦታ፣ አራት የተለያዩ ሰዎች «ስንት ቀንሽ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ሦስቱ ጋ ዋሽቻለሁ። አራተኛው ጋም አፌን ከፍቼ ልዋሽ ስል ጀበናው ገነፈለና ሁሉም ወደዚያ ዞረ።

ቀኑ የሚቆጠረው መጠጥ ካቆምሽበት ጀምሮ ነው። እኔ ደግሞ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ቁጥር እንዴት ይጠፋኛል? ቁጥሩ ሁሌም በደንብ ትዝ ይለኝ ነበር። ያስቸገረኝ ትንሽነቱ ነው።

ስለ አጠጣጤ ብዙ ማውራት አልፈልግም። የስካር ታሪክ ሲወራ ይጣፍጣል፣ ይሄን ስብሰባዎቹ ላይ ነው ያየሁት፣ ሰው ስለ ድሮ ስካሩ ሲያወራ ፊቱ ሁሉ ይበራል። በአጭሩ እኔ ቡና ቤት ገብቼ ጠጥቼ አላውቅም። ደሴ ውስጥ፣ ያውም የሰውን ሁሉ ልጅ ያስተማረች ሴት፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰላምታ ሳታቋርጥ መሄድ የማትችል፣ የት ትገባለች? አረቄ ነበር። በሃይላንድ፣ ቤቴ፣ ልጄ ከተኛች በኋላ። ቆይቼ ነጭ ሽንኩርት መዘፍዘፍ ጀመርኩ። ነጭ ሽንኩርት የገባበት አረቄ የሆድ መድኃኒት ነው፣ ማንም መጠጥ አይለውም። እናቴ ራሷ አይታው «ጎሽ፣ ለጉንፋንም ይሆናል» ብላኛለች። ጠዋት ቅርንፉድ አኝኬ ክፍል እገባለሁ። የዞረ ድምር ይዞኝ ድምር ያስተማርኩባቸው ቀናት አሉ። ቀልዱ የገባኝ ካቆምኩ በኋላ ነው።

ሱሰኛ ላለመሆኔ ማስረጃም ነበረኝ። ሁዳዴን አልጠጣም። 55 ቀን! ሱሰኛ 55 ቀን ይችላል? አይችልም። ስለዚህ አይደለሁም፣ አለቀ። (እናቴ ጠላ የጾም ነው ከሚሉት ወገን ናት። እኔ ግን እሱንም አልነካም ነበር፣ ለማስረጃው ጥራት ስል።) ፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከዶሮው በፊት ምን እንደሚታየኝ ግን ማስረጃው ውስጥ አላስገባሁትም። ኋላ ኋላ ደግሞ ጾሙም አልሆነልኝም። አንደኛው ሁዳዴ ላይ ቅበላ አልፎ ረቡዕ እንኳ አልደረስኩም።

ሌላም ውሸት ነበረኝ። «ከጦርነቱ ወዲህ ነው» እል ነበር። በ2014 ጥቅምት ከተማው ሲያዝ ልጄን ይዤ ወጥቻለሁ፣ ስመለስም ያገኘሁትን አግኝቻለሁ፣ እሱ ሌላ ጽሑፍ ነው። ግን አረቄው ከዚያ በፊት ነበር። ጦርነቱን የያዝኩት ማንም የማይከራከርበት ምክንያት ስለሆነ ነው። እዚህ አገር «ከጦርነቱ ወዲህ» ስትዪ ሰው አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል።

ያቆምኩት በእልህ ነው፣ አንድ ሐሙስ ማታ የቀረውን ሁሉ ሽንት ቤት ደፍቼ። ዓርብ ጠመኔ መያዝ አቃተኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ደግሞ ጉድ ነው፣ የደሴ ብርድ እያለ ሸሚዜ እንደታጠበ ሆነ። ቅዳሜ ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን አየሁ። ጉንዳን አልነበረም። እህቴ ናት በባጃጅ ሐኪም ጋ የወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ማነው በአንዴ አቁሚ ያለሽ?» የሚል ነበር። ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡና ላቡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ሰው ከራሱ ወጥቶ በሌለ ነገር ሊያወራ ይችላል፣ ሳይታከም ከቀረ ይሄ ይገድላል። ለዚህ መድኃኒት አለው። እኔ ዲያዜፓም በመጠን እየተቀነሰ፣ ከቫይታሚን ቢ1 ጋር ተሰጠኝ። ስለዚህ ስብሰባ ፍለጋው ከሐኪሙ በኋላ ነው። የትኛውም ጸሎት ቤት፣ የትኛውም ቡድን፣ የትኛውም ደግ ሰው «መድኃኒቱን ጣይና እኛ ጋ ነይ» ካላችሁ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።

እና ሐኪሙ «ብቻሽን አትችይውም፣ የሚደጋገፉ ሰዎች ፈልጊ» አለኝ። ፈልጊ ማለት ቀላል ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ከሱስ የወጡ ወጣቶች ያቋቋሙት ስብስብ ጋ ነው። ብዙዎቹ ጠበል ገብተው የተመለሱ ናቸው። የማማት ሐሳብ የለኝም፣ ጥሩ ልጆች ናቸው። አሥራ ምናምን ወንድ ተቀምጧል፣ ሴት እኔ ብቻ። በሩ ላይ ቆሜ ልመለስ ልግባ ስል ከኋላ ረድፍ አንዱ ብድግ አለ። «ቲቸር!»

10ኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ወንበሩን ለቀቀልኝ። አጠገቡ ያሉትም ተነሱ። እንደ እንግዳ ፊት ለፊት አስቀመጡኝ፣ የምክር አገልግሎት ልሰጥ የመጣሁ የመሰላቸውም ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ ሰብሳቢው በአክብሮት «እርስዎስ ስንት ቀንዎት ነው?» አለኝ። እርስዎ! እስቲ በአንቱታ ተጠይቆ 11 ቀን የሚል አፍ ካለ አሳዩኝ። «ሁለት ወር» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የቀድሞ ተማሪዬ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ያን ቀን ማታ ምን እንዳደረግሁ ትገምታላችሁ።

እዚያ ሁለተኛ አልሄድኩም፣ እና ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን በእነሱ ላይ እያላከክኩ ኖርኩ፤ ሁሉም ወንድ ናቸው፣ ሁሉም ልጆች ናቸው፣ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ጫትና ስለ ሥራ ማጣት ነው እያልኩ። እውነት ነው፣ ናቸው። ግን ያባረረኝ ወንበሩ ነው። ክብር ይዘሽ የገባሽበት ቤት ውስጥ ውርደትሽን ማውጣት እንዴት ይከብዳል።

ሁለተኛው በአንድ ጤና ተቋም ውስጥ የሚደረግ ነበር፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ነርስ የምትመራው። ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ እዚያ ተቀምጠሽ ትጠብቂያለሽ፣ መርፌ የሚወጋውም ካርድ የሚያወጣውም በፊትሽ ያልፋል። ስምሽ በሙሉ፣ ከነአባትሽ፣ ጮክ ተብሎ ይጠራል። ቁጭ እንዳልኩ ከቅሬያችን ሴቶች አንዷ መጥታ አጠገቤ ዘፍ አለች። (ለማታውቁ፣ ወሎ ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው።) እሷ የመጣችው ለልጇ ነው። «አንቺስ ደህና ነሽ?» አለችኝ። «ለወንድሜ ነው» አልኩ። አባቴ ሲሞት ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ እንጀራ ያቀረበች ሴት ናት። ወንድም እንደሌለኝ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ዝም ብላ አየችኝና «እግዜር ይማረው፣ ስንት ቀኑ ነው ካቆመ?» አለች። «ሃያ» አልኩ። የሌለ ወንድም፣ የሌለ ሃያ ቀን።

ውስጥ ስንገባ እናቶች፣ ሚስቶች፣ ታማሚዎች፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። አንዷ ባሏ እዚያው ተቀምጦ እያለ ስለሱ ታለቅሳለች። እሱ ጫማውን ያያል። ኋላ ነው ይሄ ነገር ሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ ያነበብኩት። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ፣ ስብሰባዎቹን ክፍትና ዝግ ብሎ ይለያቸዋል። ክፍቱ ላይ ቤተሰብም ጎረቤትም መግባት ይችላል። ዝጉ መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ለቤተሰብ ደግሞ አል-አኖን የሚባል ለብቻው አለ፣ ከ1951 ጀምሮ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ በሩ ላይ «ክፍት ነው ዝግ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ። ሌሎችም አሉ፤ ሴት አለች ወይ? ስም ይመዘገባል? ፎቶ ይነሳል? (አትሳቁ፣ ለቴሌግራም ቻናላቸው ፎቶ የሚያነሱ አሉ።) በስልክ መጠየቅ ይቻላል፣ ማንነትሽን ሳትናገሪ።

ሦስተኛው በዙም ነበር። የኤኤ ስብሰባ፣ በእንግሊዝኛ፣ አሜሪካ ያለ። እነሱ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሉ እዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አላርም ሞልቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ልጄ እንዳትነቃ ማእድ ቤት ቁጭ ብዬ። ካሜራዬን ዘጋሁ። ስሜንም ቀየርኩ። እንደዚያ ተመችቶኝ አያውቅም፣ ማን ያውቀኛል? ሰዎቹ ስለ ወይንና ስለ መንጃ ፈቃድ መነጠቅ ያወራሉ። እኔ መኪና የለኝም፣ ወይንም ስንት ጊዜ ቀምሻለሁ? ግን አንዷ አሮጊት ጠርሙሱን የዱቄት ጣሳ ውስጥ ትደብቅ እንደነበር ስትናገር ሃይላንዴ የት እንደነበር ትዝ አለኝ። ጤፍ ማስቀመጫ በርሜሉ ውስጥ። ኦሃዮ ይሁን የት የማላውቃት ሴትዮ፣ የእኔ ማእድ ቤት ውስጥ የገባች መሰለኝ።

እና ሰብሳቢዋ «ዛሬ የሚቆጥር አለ?» ስትል ጽፌ ላክሁ። 30። ያን ሰዓት አጠገቤ ብርጭቆ ነበር። እንግዲህ ይሄን ማን ያያል፣ ካሜራው ዝግ ነው። ለ30 ቀን የሚሰጠውን ጭብጨባ ከብርጭቆው ጋር ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ ሄደ፣ ደግ ሥራ ሠራ።

ለእኔ አልሆነም ማለት ለሁሉም አይሆንም ማለት አይደለም። ሐይቅ ወይም ኩታበር ላለ፣ በአካል የሚሄድበት ስብሰባ ለሌለው፣ እንግሊዝኛውም ካልከበደው፣ በዙም መጀመር ይችላል። ካሜራውን ግን ክፈቱት። ግማሽ ፊትም ቢሆን።

ከዚያ ለጥቂት ወራት ተውኩት። ስብሰባውን እንጂ አረቄውን አይደለም። በእነዚያ ወራት ያደረግሁት ብቸኛ ጠቃሚ ነገር ማንበብ ነው። ይሄ ኤኤ የሚባለው እንዴት እንደተጀመረ ሳነብ የጠበቅሁት ትልቅ አዳራሽና መሥራች ጉባኤ ነበር። አይደለም። በፈረንጆቹ 1935 ቢል የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ሰው ለሥራ አክሮን የምትባል የኦሃዮ ከተማ ይሄዳል። ሥራው ይበላሽበታል። መጠጥ ካቆመ ገና ወራቱ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ቆሟል፣ ባሩ እዚያው ነው፣ የሰው ሳቅ ይሰማዋል። ስልክ ያዘና ወደ ከተማው የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች መደወል ጀመረ። የፈለገው ግን ቄስ አልነበረም፣ የሚያወራው ሌላ ጠጪ ነው። ዞሮ ዞሮ ቦብ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኙት። ዶክተሩ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የምቀመጠው ብሎ መጣ፣ ለሰዓታት ተቀመጠ። ከዚያ በኋላም ዶክተሩ አንድ ጊዜ አገረሸበት። የመጨረሻውን የጠጣው ጁን 10 ነው ይባላል፣ ኤኤም ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው።

ሁለት ሰው! እኔ ስፈልግ የነበረው ግን ስብሰባ ነበር፤ ወንበር፣ ሰብሳቢ፣ ሰዓት፣ ጭብጨባ። በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። «ስብሰባ አልፈልግም፣ አንድ ሰው ስጠኝ» አልኩት። ሳቀ። ስም አልነገረኝም። ቁጥሬን ለሰውየው ልስጠው ወይ ብሎ ፈቃዴን ጠየቀ፣ የእሱንም ፈቃድ ጠየቀ፣ ይሄ ነገር ደስ ብሎኛል።

ሦስት ቀን ቆይቶ ተደወለ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ የጅቡቲ መስመር፣ ቤቱ ኮምቦልቻ። «አብሽሪ እህቴ» ነው የመጀመሪያ ቃሉ። እኔ ወዲያው ወደ ማስረጃዬ ገባሁ፣ ሱሰኛ እንኳ አይደለሁም፣ ሁዳዴን ሙሉ አልጠጣም ነበር ምናምን። ዝም ብሎ አዳመጠኝና «እኔ ደግሞ ረመዳንን» አለ። «ወላሂ 30ውን ቀን ጠብታ አልነካም። ዒድ ዕለት ከሰላት መልስ ግን ሰው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ እኔ ወዴት እንደምሄድ አላህ ያውቃል።»

ሁለታችንም ስልኩ ላይ ዝም አልን። ከዚያ ሳቅን። ማእድ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየጠበስኩ ነበር፣ አረረ።

እሱ የነገረኝን ደግሞ አስቡት። እኔ ቢያንስ ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ነው ያደግሁት፣ ቢያዩኝ «አበዛችው» ይሉኛል። እሱን ቢያዩት የሚሉት ሌላ ነው። ሚስቱ እንኳ ለዓመታት የምታውቀው ጫቱን ብቻ ነበር። ጫት ሲቅም መዋሉን ደብቆ አያውቅም፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ነው መጠጡን የጀመረው፣ ብዙ ሹፌር እንደዚያ ነው የሚጀምረው ይላል።

እሁድ ስምንት ሰዓት ኮምቦልቻ ነይ፣ ጥቂት ሆነን እንገናኛለን አለኝ። ሰው ከመጠጥ ሊሸሽ የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ይሄዳል? ብዬ ቀለድኩ፣ እሱ ግን ቀልዱን ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ነግሮታል መሰል አልሳቀም።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ሐረጎን ጠመዝማዛውን መውረድ። ከላይ ጃኬት ለብሰሽ ትሳፈሪያለሽ፣ ከታች ስትደርሺ ትሞቂያለሽ። እኔ ይሄ መንገድ ነው ያዳነኝ ብል ማጋነን አይመስለኝም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ማንም «ቲቸር» የማይለኝ ከተማ እደርሳለሁ። እውነቱን ለመናገር ኮምቦልቻም ሁለቴ ተብያለሁ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩ ተማሪዎቼ አሉ። ግን ሁለቴ ነው። በአንጻሩ ከቡድኑ አንዱ የኮምቦልቻ ሰው ስለሆነ ደሴ ላይ ቢሆን ይመርጥ ነበር። እሱ እንደኔ ሐረጎን ተሻግሮ ማንም የማያውቀው ቦታ ቢሰበሰብ ደስ ይለዋል። ሁለቱን ከተሞች መቀያየር አለብን እያለ እስካሁን ይነጫነጫል።

ቦታው የአንዲት ቡና የምትሸጥ ሴት የጓዳ ክፍል ነው። እትዬ እንላታለን። ድሮ አረቄ ነበር የምትሸጠው፣ የምትጠጣውም እሷው ነበረች። መጠጡን ስትተው ንግዱንም ተወችው፣ ጀበና ይዛ ተቀመጠች። ያን እሁድ አምስት ሰው ነበር። እትዬ፣ ሹፌሩ፣ ነጫናጫው፣ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ፣ እኔ። ረከቦት፣ ቄጠማ፣ ጭሱ ዓይን የሚያቃጥል። ወንበሩ ሁሉ ዱካ ነው፣ ማንም ለማንም አልተነሳም።

ጋሼ ናቸው የጠየቁኝ። «ልጄ፣ ስንት ቀንሽ ነው?» አንቺ ብለው ነው የጠየቁኝ፣ እንደ ልጃቸው። አርባ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሳለች። ያኔ ጀበናው ገነፈለ፣ እትዬ «ኡ!» ብላ አነሳችው፣ ፍሙ ቸስ አለ፣ አመዱ በረረ፣ ሁሉም ፈቀቅ ፈቀቅ አለ። ተመልሰው ሲቀመጡ ጥያቄው አየር ላይ ነበር፣ ግን ማንም አልደገመውም። ጋሼ ስኒያቸውን እያማሰሉ ነው። ማንም እንደማይጠብቀኝ ሳይ «ሁለት» አልኩ። «ዓርብ ጠጥቻለሁ።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚብስብሽ?» አሉኝ ጋሼ።

በቃ። ለምን አላሉም። እንዴት አስተማሪ ሆነሽ አላሉም። ስንት ሰዓት? ይሄን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ መልሱን ግን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ልጄ እንደተኛች። «እንግዲህ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ እደውላለሁ» አሉ። ደወሉም። ያኔ ለአንድ ወር ያህል በየማታው ስለ ምንም ነገር ያወሩኝ ነበር። ስለ ዶሮዎቻቸው። ስለ ድሮው የአሰብ መንገድ። አንዳንዴ ይረዝማል፣ ልዝጋው ብል አይቀበሉም፣ ጋሼ ወሬ ያበዛሉ።

ስብሰባችን የሚሄደው በቡናው ነው። ማንም አላወጣውም፣ እንዲሁ ሆነ። አቦል ላይ ሳምንቱ እንዴት እንደነበር እንባባላለን። ቶና ላይ አንድ ሰው ሰፋ አድርጎ ያወራል፣ ሌላው አያቋርጥም፣ ምክርም አይሰጥም፣ ይሄኛው ሕግ ለሐበሻ ከባድ ነው። በረካ ላይ ስለሚመጣው ሳምንት ነው፤ ሠርግ አለብህ? ዝክር አለብሽ? ደሞዝ መቼ ነው? ማን ይደውልልሽ? ሲጀመር ደግሞ ሁሉም በየእምነቱ በልቡ ይጸልያል። መጀመሪያ ላይ ጮክ ብሎ ማን ይባርክ የሚል ነገር ተነስቶ ነበር፣ እትዬ «እኔ ቤት አላህም እግዜርም በሹክሹክታ ይሰማሉ» ብላ ዘጋችው።

የኤኤን 12 ደረጃዎች በወረቀት ተርጉሜ ወስጄላቸው ነበር፣ የአስተማሪ ነገር። ጋሼ አነበቡትና አሥረኛውን ወደዱት፣ ስህተትን ቶሎ ማመን የሚለውን። ነጫናጫው «ይሄ የፈረንጅ ንስሐ ነው» አለ። አልተሳሳተም ብዬ አስባለሁ። ለማንኛውም እኔ ቁጥር ካላየሁ አላምንም፣ ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 ያወጣውን ፈልጌ አነበብኩ። 27 ጥናት፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰው። ሙሉ በሙሉ ማቆምን በተመለከተ ሰውን በደንብ አስተዋውቆ ወደ ኤኤ የሚያስገባው ሕክምና ከሌሎቹ የምክር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ይሄን በረካ ላይ ሳነብላቸው ሹፌሩ «እና እኛ ኤኤ ነን?» አለ። አይደለንም። ምን እንደሆንን እኔም አላውቅም። እነሱ ካስቀመጡት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ወስደናል፣ ለመግባት የሚያስፈልገው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው የሚለውን። ገንዘብም አንሰበስብም፣ የቡናችንን እንከፍላለን።

እንዳታሳምሩት ደግሞ። ክረምት ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ሦስት ሰው ሆነን የተያየንባቸው እሁዶች አሉ። አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ መጥቶ ቀርቷል፣ ስልኩም አይነሳም። ሹፌሩ ጫቱን አልተወም፣ እትዬና እሱ በዚህ የተነሳ ለሁለት ሳምንት ተኮራርፈዋል። እሷ «ሱስ ሱስ ነው» ትላለች፣ እሱ «አንዱን ልጨርስ» ይላል። እኔ በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ፣ ግን አፌን ይዣለሁ።

በ131ኛው ቀን ጠጣሁ። ጥምቀት ነበር፣ እናቴ ቤት፣ ጠላ። እናቴ ራሷ ቀድታ ሰጠችኝ፣ «ለበዓሉ ቅመሺ፣ ምን ይልሻል» ብላ፣ የታቦቱ ሰው በሩ ላይ እየጨፈረ። አንድ ዋንጫ። ማታ አረቄ ፍለጋ ጀመርኩ። ሦስት ቀን። ስልኬን አጠፋሁት፣ ጋሼ እንደሚደውሉ ስለማውቅ።

እሁድ ላለመሄድ ያላሰብኩት ምክንያት የለም። ሐረጎን ስወርድ ውስጤ ቁጥር ሲሠራ ነበር፤ 131ን ይዤ ሦስቱን ብቻ ብቀንስስ? 128 ልበል? ደግሞ ለመምህር 128 ማለት አሳማኝ ቁጥር ነው፣ ሙሉ አይደለም፣ የተቆጠረ ይመስላል። ገብቼ ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ። አቦል ቀረበ። «አራት» አልኩ ማንም ሳይጠይቀኝ።

እትዬ ቡናዬን ሞላችው። ሹፌሩ «ስልክሽ የት ነበር?» አለ። «አጥፍቼው» አልኩ። «ለማን ልትሰጪው ትችያለሽ?» አለ ጋሼን እያየ፣ ጥያቄው ያልገባኝ መስሎት ደግሞ አስረዳኝ። ስልኩን የሚይዝልኝ ሰው ማለቱ ነው፣ በበዓል ቀን፣ እንዳላጠፋው። እህቴ ሆነች። አሁን በዓል በመጣ ቁጥር ስልኬ እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ጋሼም ለእኔ የሚደውሉት በእሷ በኩል ነው። እህቴ ስለ ዶሮዎቹ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

የጽዋ ማኅበር ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ጠላ መጥመቁ ነበር የሚያስጨንቀኝ፣ ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ቤቱ ውስጥ ለቀናት የሚያድረው ሽታ። በረካ ላይ አነሳሁት። እትዬ «ቀሪቦ አቅርቢ» አለች፣ ሹፌሩ የሚስቱን አሠራር በስልክ አስልኮ ሰጠኝ። የማኅበሩ ሴቶች ቀመሱት፣ ተያዩ። አንዷ «የእስላም ነው ይሄ» አለች፣ ሌላዋ «ዝም በይ፣ ይጣፍጣል» አለቻት። የቅሬዋ ሴትዮ፣ ያቺ ኮሪደር ላይ ያገኘችኝ፣ ሁለተኛ ብርጭቆ አስቀዳችና ሲወጡ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «ወንድምሽ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኩ። «መቶ ሰባት ቀኑ ነው።» ትክክለኛ ቁጥር ነው።

ባለፈው እሁድ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ሐረጎ ጫፍ ላይ ስንደርስ «እሁድ እሁድ እዚህ መኪና ላይ አላጣሽም ልጄ፣ ኮምቦልቻ ምን አለሽ?» አሉኝ። ዱሮ ዕቃ ልገዛ ነው እል ነበር።

«ቡና ልጠጣ ነው» አልኳቸው።

«ለቡና 25 ኪሎ ሜትር?»

ረዳቱ ከኋላ «ሒሳብ ሒሳብ» አለ፣ የሁለታችንንም ከፈልኩ።